አፎቱ ውስጥ የነበረው ቀርከሃ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጃፓን የሳሙራይ (ለመሳፍንት ያደሩ የጥንት ባለጎራዴ ወታደሮች) ፊልሞች የወጣው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ርእሱን በማንሣታቸው ደስ ብሎኛል፤ ስለ ሩቅ ምሥራቅ ሲኒማ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳገኝ ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። ነገር ግን የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ማለትም እነዚህ ፊልሞች ሞትን የሚያከብርና ጌታውን ያለ ጥያቄ የሚታዘዝ ሕዝብ መስተዋት ናቸው የሚለው፣ ፊልሞቹ ራሳቸው ከሚናገሩት ጋር የሚጣላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከሳሙራይ ፊልሞች መካከል ታላላቅ የሚባሉት ጃፓናውያን በገዛ ታሪካቸው ላይ ያቀረቧቸው ክሶች ናቸው፤ የክሱም ፍሬ ነገር ብዙውን ጊዜ ሩዝ ነው፣ ማን በላ፣ ማን ጦሙን አደረ የሚል ነው።

የምኖረው በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከብሎካችን ሥር ባለች ሻይ ቤት የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜና እሑድ ተሰብስበው ፊልም ያያሉ። የሚያዩት በፍላሽ የሚጫነውን «ትርጉም» ነው፤ አንድ ተራኪ የሽማግሌውንም የሕፃኑንም የሴቲቱንም ንግግር በራሱ ድምፅ እየተረከ፣ ማንም በማይናገርበት ቦታ ሳይቀር የራሱን ቃል እየጨመረ የሚያቀርበው ዓይነት። ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ የጎረቤቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «እትዬ፣ ጃፓኖች እውነት እንደዚህ ናቸው? በትንሽ በትልቁ ሆዳቸውን ይቀድዳሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ለልጁ መልስ እያሰላሰልኩ ሳለ ነው የእናንተ ጽሑፍ የደረሰኝ፤ መልሱም ከተራኪው መልስ ጋር አንድ ነበር።

ጸሐፊው ለ«ክብር ሞት» ማሳያ አድርገው የጠቀሱትን የዳይሬክተሩን የማሳኪ ኮባያሺን «ሐራኪሪ» እንመልከት፤ ቃሉ ሆድን ቀድዶ መሞት ማለት ነው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በ1630 በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ ነው። ዘመኑ የሰላም ዘመን ነው። በ1600 የሴኪጋሃራ ጦርነት አብቅቶ በ1603 የቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ ማለትም የጦር መሪ ገዥዎች፣ አገዛዝ ከተመሠረተ ወዲህ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ያላመናቸውን መሳፍንት ግዛት እየነጠቀ ቤታቸውን ሲያፈርስ፣ በእነርሱ ሥር ያደረ ወታደር ሁሉ በአንድ ቀን ቀለቡን አጥቶ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። እንዲህ ጌታ ያጣውን ሳሙራይ ጃፓኖች ሮኒን ይሉታል። ሮኒን የሚያርሰው መሬት የለው፣ የሚያድርበት ሙያ የለው፤ የቀረው ሀብት በወገቡ የታጠቃቸው ሁለት ጎራዴዎች ብቻ ናቸው።

በፊልሙ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ወደ ባለጸጋ መሳፍንት ደጅ እየቀረቡ፣ በድህነት ከሚዋረዱ በግቢው ውስጥ ሆዳቸውን ቀድደው በክብር እንዲሞቱ እንዲፈቀድላቸው መለመን ይጀምራሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ የሚጠብቁት የቤቱ ሹማምንት አዝነውም ሆነ ጣጣውን ፈርተው ጥቂት ገንዘብ አስይዘው እንዲያሰናብቷቸው ነው። አንድ ወጣት ይህንኑ ብሎ ኢዪ ወደተባለው የመሳፍንት ቤት ሲመጣ ግን ሹማምንቱ ለሌላው መቀጣጫ ሊያደርጉት ይቆርጣሉ። ጎራዴዎቹን ሲመረምሩ አፎቱ ውስጥ ያለው ብረት ሳይሆን ቀርከሃ ነው። ወጣቱ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ታመውበት ብረቱን ሸጦ በልቶታል። እነርሱም ይህን አይተው አይራሩም፤ በዚያው በደነዘ ቀርከሃ ሆዱን እንዲቀድ ያስገድዱታል። ያን ትዕይንት አይቶ ኮባያሺ ሞትን ያወድሳል የሚል ሰው ካለ፣ ፊልሙን ያየው ዓይኑን ሸፍኖ መሆን አለበት።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የወጣቱ አማት፣ ታትሱያ ናካዳይ የተጫወተው ሃንሺሮ የተባለው አሮጌ ወታደር፣ የሟቹ ሬሳ ሲመጣለት ልጁ ጎራዴውን ሸጦ እንደነበር ያን ጊዜ ገና ያውቃል። እርሱ ራሱ፣ የልጅ ልጁ በትኩሳት ሲነድድ፣ የገዛ ጎራዴውን መሸጥ በሐሳቡ እንኳን ውል ብሎ አያውቅም ነበር። ያን የያዘውን ብረት እያየ የሚያለቅሰው ልቅሶ ለአማቹ ብቻ የሚለቀስ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ «ነፍስህ ናት» ሲባል ያቀፋት ነገር ከአንድ ሕፃን መድኃኒት ጋር ስትመዘን ምን እንደምታህል አሁን ገና ስለገባው ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሃንሺሮ በዚያው በኢዪ ቤት ከሰዎቹ ጋር ሲዋጋ የቤቱን የአባቶች ጥሩር፣ ሁሉም እየሰገደ የሚያልፍበትን፣ ከመንበሩ አንሥቶ ይጥለዋል፤ ጥሩሩ ውስጡ ባዶ ነው። እርሱን የሚገድሉት በጠመንጃ ነው። ከዚያም ሹማምንቱ ጥሩሩን ወልውለው ይመልሱታል፣ በእርሱ እጅ የሞቱትንም በሕመም እንደሞቱ አድርገው በቤቱ መዝገብ ላይ ያጽፋሉ። የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን የመዝገብ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄ ይቀዘቅዛል።

እንዲህ ያለ ፊልም በ1962 ለምን ተሠራ? ኮባያሺ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ማንቹሪያ ተልኮ የዘመተ፣ ከተራ ወታደርነት በላይ የሚሰጠውን ማዕረግ ጦርነቱን በመቃወም አልቀበልም ያለ ሰው ነበር። «ለጌታህ ሙት» የሚለውን ትእዛዝ እርሱና የእርሱ ትውልድ በጆሯቸው ሰምተውታል፣ ጓደኞቻቸውም ሞተውበታል። ስለዚህ የ1630ውን ግቢ ሲያሳየን የሚናገረው ስለ ራሱ ዘመን ነው። ሳሙራይ ፊልም መስተዋት ነው ከተባለም፣ በመስተዋቱ ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው ፊልሙ የተሠራበት ዓመት ነው።

ይህን ለመረዳት የአርባ ሰባቱን ሮኒኖች ታሪክ መከታተል ይበቃል። በ1701 የአኮው ገዥ አሳኖ በሾጉኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ኪራ በተባለው ሹም ላይ ጎራዴ በመምዘዙ በዚያኑ ቀን ሆዱን ቀድዶ እንዲሞት ተፈረደበት፤ ሎሌዎቹም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቂማቸውን ደብቀው ቆይተው ኪራን በቤቱ ገደሉት፣ የተቆረጠ ጭንቅላቱንም በሴንጋኩጂ ቤተ መቅደስ ባለው በጌታቸው መቃብር ላይ አኖሩት፤ በ1703 መንግሥት እነርሱንም በተመሳሳይ ሞት ቀጣ። ይህ ታሪክ ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ጀምሮ ደጋግሞ ተሠርቷል። በ1941 እና በ1942 ኬንጂ ሚዞጉቺ በሁለት ክፍል ሲሠራው አገሪቱ ጦርነት ላይ ስለነበረች መንግሥት የፈለገው የታማኝነት ስብከት ነበር፤ ሚዞጉቺ ግን ሕዝቡ የሚጠብቀውን የሌሊቱን ወረራ ጭራሽ ሳያሳይ በደብዳቤ ሲነበብ ብቻ አሰማው። በ1945 ጃፓን እጇን ከሰጠች በኋላ ደግሞ አሜሪካውያኑ ባለሥልጣናት በቀልንና የፊውዳል ታማኝነትን የሚሰብኩ ፊልሞችን ከለከሉ። አኪራ ኩሮሳዋ በዚያው ዓመት የሠራው አንድ የሳሙራይ ፊልም እስከ 1952 ድረስ ለሕዝብ ሳይታይ ቆይቷል። ያው አንድ ታሪክ በአንዱ ዓመት ግዴታ፣ በሌላው ዓመት ወንጀል ከሆነ፣ የማይለወጥ «የጃፓን መንፈስ» ከእርሱ ውስጥ ቀድተን ማውጣት አንችልም።

ስለ ሩዙ ደግሞ ልናገር። ጽሑፉ በ1954 የወጣውን የኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» በአንድ ዓረፍተ ነገር «የጀግንነት ፊልም» ብሎ አልፎታል። ፊልሙ 207 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙው የሚያልፈው በጎራዴ ፍልሚያ አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት አንድ የገበሬ መንደር፣ ገብሱ ሲደርስ ሽፍቶች መጥተው እንደሚዘርፉት ስለሰማ፣ የሚከላከሉለት ሳሙራዮች ይቀጥራል። ደመወዙ ምግብ ብቻ ነው። ገበሬዎቹ ያላቸውን ነጭ ሩዝ ለወታደሮቹ ይቀቅሉና ራሳቸው ዳጉሳ የሚመስል እህል ይበላሉ፤ የሳሙራዮቹ መሪ ካምቤይ ይህን ሲያይ የሩዙን ሳሕን በሁለት እጁ ተቀብሎ ይህን ሩዝ በከንቱ እንደማይበላው የሚናገርበት ቦታ አለ። ለእኔ ከውጊያው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው፣ በእኛም አገር እንጀራ በሁለት እጅ ነውና የሚቀበሉት።

ከዚያ ደግሞ ያ ቶሺሮ ሚፉኔ የተጫወተው ኪኩቺዮ፣ ሳሙራይ ነኝ የሚለው የገበሬ ልጅ፣ መንደርተኞቹ ከሞቱ ወታደሮች ገፍፈው የደበቁት ጥሩር በተገኘ ጊዜ የሚናገረው ንግግር አለ። ገበሬ እህል ይደብቃል፣ ይዋሻል፣ ያለቅሳል፣ ስስታምና ተንኮለኛ ነው ይላል፤ ቀጥሎም እንዲህ ያደረገው ማን ነው ብሎ ወደ ሳሙራዮቹ ይዞራል፤ መንደሩን ያቃጠላችሁ፣ ምግቡን የቀማችሁ፣ ሴቶቹን የደፈራችሁ እናንተ ናችሁ ይላቸዋል። ሳሙራዮቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህን ንግግር ስሰማ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ አያቴ ናት። በእናቷ ዘመን ሠራዊት ያልፋል ሲባል እህሉን በጉድጓድ ቀብረው አፉን በአመድና በጭድ እንደሚያለብሱት፣ በየቤቱ የሚመራውን ወታደር፣ ተሰሪውን፣ ሲያበሉ ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ እንደሚያሸሹ ትነግረን ነበር። ያን ጊዜ የዘመተው ሠራዊት በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ገድሉ በሙሉ ተጽፎለታል፤ የጉድጓዱ ነገር ግን የቀረው በእንደ አያቴ ያሉ ሴቶች አፍ ነው። ኩሮሳዋ፣ እርሱ ራሱ በአባቱ በኩል ከሳሙራይ ዘር የሚወለድ ሰው ሆኖ፣ ጉድጓዱን በካሜራ ፊት አስከፈተው።

ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ፤ አራቱንም የሚጥላቸው የሽፍቶቹ ጠመንጃ ነው፣ ከእነርሱም አንዱ በጎራዴ ሥራ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። በመጨረሻ መንደሩ ከበሮ እየመታና እየዘፈነ ሩዝ ሲተክል በሕይወት የተረፉት ሦስቱ የጓደኞቻቸውን መቃብር እያዩ ይቆማሉ፤ ያሸነፉት ገበሬዎቹ ናቸው፣ እኛ አይደለንም ይላል ካምቤይ። ከአራተኛ ፎቅ መስኮቴ ባሻገር ገና ያልተገነባበት ማሳ አለ፤ ኅዳር ላይ ጤፉ ቢጫ ሲሆንና አጫጆቹ ተሰልፈው ሲያዜሙ ያንን መጨረሻ ከመስኮቴ የማየው ይመስለኛል።

የቀርከሃው ጎራዴ ከ«ሐራኪሪ» አርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ዮጂ ያማዳ በ2002 በሠራው፣ የዝቅተኛ ማዕረግ ሳሙራይ ኑሮን በሚተርከው ፊልም ውስጥ ሴይቤይ የተባለው ሰው የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ደመወዙ በወረቀት 50 ኮኩ ሩዝ ነው፤ ኮኩ እንደ እኛ ቁናና ዳውላ ያለ የእህል መስፈሪያ ሆኖ 180 ሊትር ያህል ይይዛል፣ አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎም ይገመት ነበር። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታበታለች፣ እናቱ ጃጅታ ልጇን እንኳ አታውቀውም፣ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሉት፤ ማታ ማታ የነፍሳት ማኖሪያ ቅርጫት እየሠራ ይሸጣል። ጓደኞቹ መጠጥ ቤት ሲሄዱ እርሱ ሲመሽ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ «ምሽት» እያሉ ያሾፉበታል። ጌቶቹ አንድን ዐመፀኛ እንዲገድል ሲያዝዙት፣ በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ከሰውየው ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት፣ ረጅሙን ጎራዴውን ለሚስቱ ቀብር ብሎ እንደሸጠውና አፎቱ ውስጥ ያለው ቀርከሃ መሆኑን ይነግረዋል። ለልጁ ያስተማራት ትምህርት ደግሞ፣ ፊደል ማወቅ እንደ ስፌት ልብስ ባያወጣም የማሰብን ኃይል ይሰጥሻል የሚል ነው። የሞቱን ወሬ የምትነግረን ታናሺቱ ልጁ አድጋ አርጅታ ነው፤ የሾጉኖቹ አገዛዝ ባበቃበት ጦርነት በጥይት ተመትቶ ሞተ ትለናለች፣ ከዚህ በላይ አታደምቀውም።

እንግዲህ የጃፓን ባህል በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን የሚገኘው ጸሐፊው በጠቆሙት ቦታ አይደለም። ጃፓኖች «ጊሪ» የሚሉት፣ ሰው ለተደረገለት ውለታና ለቆመበት ስፍራ ያለበት ዕዳ አለ፤ «ኒንጆ» የሚሉት ደግሞ በሰውነቱ የሚሰማው ፍቅርና ርኅራኄ ነው። ብዙው የሳሙራይ ፊልም የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ግጭት ላይ ነው። ለእኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ይሉኝታን እናውቃለን። ይሉኝታ ከጊሪ ጋር አንድ አይደለም፤ ጊሪ ወደ ዕዳው ያደላል፣ ይሉኝታ ደግሞ ወደ ሰው ዓይን። ሆኖም ተበድሮ የሚደግስ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንግዳውን «ጠግቤአለሁ» እያለ የሚያበላ ሰው የሃንሺሮን ጎራዴ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ልጁ ደረጃው ላይ ለጠየቀኝ ጥያቄ በመጨረሻ የመለስኩለትም በዚህ መንገድ ነበር።

ጽሑፉ ከሁሉ አብልጦ ያወደሰው ሆሊዉድ በ2003 ያወጣውን «የመጨረሻው ሳሙራይ» ነውና በእርሱም ላይ አንድ እርማት ላቅርብ። ፊልሙ መነሻ ያደረገው በ1877 ሳይጎ ታካሞሪ የመራውን ዐመፅ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ሳሙራዮቹ ጠመንጃን ንቀው በቀስትና በጎራዴ ይሞታሉ። እውነተኛዎቹ የሳይጎ ሰዎች ግን ጠመንጃም መድፍም ይዘው ነበር። ጠመንጃ በ1543 በፖርቱጋሎች በኩል ታኔጋሺማ ደሴት ከደረሰ ወዲህ ሳሙራዮች ሳይውሉ ሳያድሩ አንሥተውታል፣ በ1575 በናጋሺኖ ጦርነትም በብዛት ተጠቅመውበታል። ጸሐፊው እንደ ጥንታዊ ሕግ የጠቀሱት «ቡሺዶ»፣ የሳሙራይ የክብር ደንብ የሚባለውም፣ ዛሬ ዓለም በሚያውቀው መልኩ የተስፋፋው ኢናዞ ኒቶቤ አሜሪካ ሳለ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ነው፤ ሳሙራዮች ጎራዴ ታጥቀው እንዳይወጡ በ1876 ከተከለከሉ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው አገሩን ለባዕድ ለማስረዳት ነበርና ባዕዱ በዚያው ዓይን ማየቱን ቀጠለ።

እኛም ጃፓንን የምናየው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል፤ ከጉዟቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የታወጀው ሕገ መንግሥታችንም አርአያ ያደረገው የጃፓኑን የ1889ን ሕገ መንግሥት ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች በጃፓን ውስጥ የፈለጉት ሥልጣኔን ነበር፤ የሰፈሬ ልጆች የሚፈልጉት ጎራዴን ነው። ልጆቹን አልወቅስም፣ የቀረበላቸው እርሱ ነው። ጋዜጣችሁ ግን ከሻይ ቤቱ ፍላሽ የተሻለ የማቅረብ ዐቅም አለው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ሳይጎ ሠራዊትና ስለ «ሐራኪሪ» የወጣው ስሕተት በሚቀጥለው እትም እንዲታረም። ሁለተኛ፣ ዓምዱ ስለ ውጭ ፊልም ሲጽፍ ፊልሙ በማን፣ በየትኛው ዓመት፣ ከምን መከራ በኋላ እንደተሠራ ለአንባቢ እንዲነግር። የሻይ ቤቷ ባለቤት በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ለእኛ ለመልቀቅ ፈቅደውልናል። «ሐራኪሪ»ን ያለ ተራኪ ድምፅ እናየዋለን፤ ነጭ ጠጠር የተነጠፈበት ግቢ ዝም ሲል እኛም ዝም እንላለን፣ ንግግር ሲኖር እያቆምኩ የግርጌ ጽሑፉን ለልጆቹ እተረጉምላቸዋለሁ። የጽሑፉ ባለቤት መምጣት ቢፈቅዱ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት፣
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ